ወልደ ጊዮርጊስና የሙያ ባልንጀሮቹ፤ የጎንደር አንጥረኞችና ሸማኔዎች ታሪክ በአጭሩ

በታሪክ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ እኛም የታሪክ ክበብ አባሎች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ነገሥታት ለመጻፍ ነበር። ጎንደር ተቀምጦ ስለ ዐፄ ፋሲልና ስለ እቴጌ ምንትዋብ አለመጻፍ፣ ምንጭ ዳር ተቀምጦ ውኃ መጠማት መስሎ ታይቶን ነበርና።

ሐሳባችንን የለወጠው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ለክበባችን መዝገብ እያንዳንዳችን የወላጆቻችንን ስምና ሥራ ስንጽፍ፣ ከመካከላችን አንዱ በአባቱ ስም ትይዩ «ነጋዴ» ብሎ ጻፈ። አብረነው ያደግነው ግን አባቱ ሸማኔ መሆናቸውን እናውቃለን። እንዲያውም በክረምት የምንደርበው ጋቢ የብዙዎቻችን የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው። ለምን እንዲህ እንደ ጻፈ ብንጠይቀው «እባካችሁ ተዉኝ፤ ሸማኔ ብዬ ብጽፍ ከነገ ጀምሮ መጠሪያ ይሆንብኛል» አለን። እኛም የምንመልሰው አጥተን ዝም አልን፤ እውነቱን ነበርና። ከእኛ መካከል በጨዋታም ሆነ በጠብ ጊዜ ሰውን በአባቱ ሙያ ተርቦ የማያውቅ ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ነገሥታቱ መጻፉን ትተን፣ ነገሥታቱን ስላለበሱና ስላስጌጡ ሰዎች ለመጻፍ ተስማማን። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ሥራውን እየወደዱ ሠራተኛውን መናቅ ከየት መጣ? ይህስ ንቀት አገራችንን ምን አስከፈላት?

የሙያው ጥንታዊነት

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የእጅ ጥበብ በአገራችን ትናንት የመጣ እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ አሠርተው በስማቸው ያወጡ ነበር። በዚያን ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ ለማውጣት የቻሉ መንግሥታት በዓለም ላይ ጥቂቶች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው አንዳንዱ የነሐስ ገንዘብ ነው፤ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ተለብጦበት ይገኛል። ገንዘቡ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ ወርቅ መለበጥ ምን ያህል የረጋ እጅና የጠራ ዐይን እንደሚጠይቅ አንባቢ ይፍረድ።

በዚያ ገንዘብ ላይ የንጉሡ ስም አለ፤ የንጉሡም መልክ አለ። የቀጠቀጠው ሰው ስም ግን የለም። ይህንን ነገር ልብ እንድንለው ያስፈልጋል፤ ወደ ፊት ደጋግመን እናገኘዋለንና።

ጎንደርና ሰፈሮቿ

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማይቱ የባለሙያዎች መሰብሰቢያ ሆነች። ግንብ ሲሠራ ድንጋይ ጠራቢና አናጺ ያስፈልጋል። ቤተ መንግሥት ሲቆም መጋረጃ፣ ምንጣፍና ልብስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ መስቀል፣ ጽናጽልና ጽዋ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሠዓሊውና ቁም ጸሐፊው ከያለበት መጥቶ በዚህች ከተማ ሰፈረ።

ነገር ግን ሁሉም በአንድ ሰፈር አልኖሩም። በጻድቁ ዮሐንስ ዘመነ መንግሥት፣ በ1660 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ፣ እስላሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ ተወሰነ። እስላሞቹ በቀሃ ወንዝ አጠገብ አዲስ ዓለም በሚባለው ሰፈር ተቀመጡ። ብዙዎቹ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ነበሩ። ቤተ እስራኤላውያኑ ደግሞ ካይላ ሜዳ በሚባለው ሰፈር ሆነው ብረት በመቀጥቀጥ፣ ሸማ በመሥራት፣ ሴቶቻቸው ሸክላ በመሥራት ይተዳደሩ ነበር። ግንቦቹን በመሥራትም ብዙ የደከሙት እነርሱ እንደ ሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ።

እንግዲህ ሦስት ሃይማኖት ያላቸው ባለሙያዎች፣ በሰፈርና በማዕድ ተለያይተው ሳለ፣ በሥራ ግን የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ሳይለይ አብረው ይኖሩ ነበር። እስላሙ ሸማኔ የሠራውን ሸማ ክርስቲያኑ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ቤተ እስራኤላዊው በቀጠቀጠው ማረሻ ሁሉም ያርሳል። አንጥረኛውም ቢሆን መዶሻውንና ጉጠቱን የሚያሠራው ከብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ነበር። በጉባኤ የተለያየው ሁሉ በገበያ ይገናኝ ነበር ማለት ነው።

ስሙ የተረፈው ሰው

ከእነዚህ ሁሉ ባለሙያዎች መካከል የአንዱ ስም እስከ ዛሬ ደርሶልናል። እሱም ወልደ ጊዮርጊስ ነው።

በብርሃን ሰገድ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት (ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም.) እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን አሳነጹ። ለዚህችም ቤተ ክርስቲያን ብዙ ንዋየ ቅድሳት ሰጡ። ከእነዚህ አንዱ ከወርቅ የተሠራ የቅዳሴ ጽዋ ነው። በላዩ በተቀረጸው ጽሕፈት ንጉሡና ወለተ ጊዮርጊስ ለቍስቋም የሰጡት መሆኑ ተመልክቷል፤ ወለተ ጊዮርጊስ የእቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስም ነው። ጽዋው ዛሬ በሚገኝበት በለንደኑ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም መዝገብ ላይ የሠሪው ስም «ወልደ ጊዮርጊስ» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚሁ ጽዋ ጋር አንድ የወርቅ ዘውድ አለ። ይህም በ1730ዎቹ ዓ.ም. ገደማ በዚያው በእቴጌይቱና በልጃቸው ትእዛዝ የተሠራ መሆኑ ይታመናል። ወርቁ ብርና መዳብ ተቀላቅሎበታል። በላዩም የወንጌላውያንና የሐዋርያት ምስል ጎልቶ ወጥቷል፤ እንደ ክር በቀጠነ የወርቅ ሽቦና በመስተዋት ፈርጥም አጊጧል። የዘውዱ ሠሪ ወልደ ጊዮርጊስ ይሁን ባልንጀራው ስሙ አልተጻፈም። የጽዋውን ሠሪ እናውቃለን፤ የዘውዱን ሠሪ አናውቅም። በታሪካችን ውስጥ ከብዙ ሺህ ባለሙያዎች አንድ ስም ሲገኝ እንኳ እንደ ብርቅ የሚቈጠረው ለዚህ ነው።

አንድ ሌላም ሥራ እንጥቀስ። በዚያው በጎንደር ዘመን ከሐር የተሠራ፣ ቁመቱ 5 ሜትር ያህል የሚሆን የመቅደስ መጋረጃ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። መሰሉም በካናዳ፣ በቶሮንቶ ሙዚየም አለ። በመጋረጃው ላይ የንጉሥ ቤተሰብ፣ ካህናትና ነፍጥ የያዙ ጭፍሮች ይታያሉ። ይህ ሁሉ ሥዕል በቀለም የተቀባ ወይም በመርፌ የተጠለፈ እንዳይመስላችሁ፤ ከድሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በየማዕዘናቸው የተበሱ ብዙ ትናንሽ ገበታዎች ይደረደራሉ፤ በየቀዳዳው ክር ይገባል፤ ገበታዎቹ በተዞሩ ቁጥር አንዱ ቀለም ይወጣል፣ ሌላው ይሰወራል። ሸማኔው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምስሉን በልቡ ይዞ እያንዳንዱን ገበታ መቼ እንደሚያዞር ማሰብ አለበት። አንድ ቢሳሳት የንጉሡ ፊት ይጣመማል። ሐሩ ከሩቅ አገር በነጋዴ የመጣ ነው፤ ጥበቡ ግን የዚህ አገር ነው። የሸማኔው ስም አልተጻፈም።

በጓደኛችን አባት ቤት

ጽሑፋችንን በዚህ ልናቆመው አሰብን። መምህራችን ግን «የሞተውን ሰው ሥራ አያችሁ፤ የሚኖረውን ሰው ሥራ ደግሞ ሂዱና እዩ» ብለው መከሩን። ያን ጊዜ ያ ጓደኛችን ጥቂት ካመነታ በኋላ «እንግዲያው ወደ እኛ ቤት እንሂድ» አለ።

አባቱ በቤታቸው ጥግ በተቈፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰድደው ሲሠሩ አገኘናቸው። በእግራቸው አንዱን ሲረግጡ የድሩ ግማሽ ከፍ ይላል፤ ሌላውን ሲረግጡ ያ ይወርድና ይህ ይነሣል። በመካከል በተከፈተው መንገድ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራሉ፤ ማጉንም ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ያጠብቁታል። እጅና እግር ዐይንም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ከእኛ አንዱ «ልሞክር» ብሎ ቢቀመጥ፣ ገና በሦስተኛው ውርወራ ክሩን በጠሰው። አባታችን ሣቁና «ልጄ፣ እኔ ይህን ስማር ከአባቴ ዘንድ ብዙ ኵርኵም ቀምሻለሁ» እያሉ የተበጠሰውን ክር በጣታቸው ቋጠሩት። ቋጠሮው የት እንደ ነበረ ኋላ ብንፈልገው አጣነው።

«ጋቢውን የሚሠሩት ብቻዎን ነዎት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ብቻዬን ምን እሆናለሁ ልጆቼ! ጥጡ ከቆላ ይመጣል። እናቶቻችሁ በመዳመጫ ፍሬውን ያወጡታል፣ በደጋን ይነድፉታል፣ በእንዝርት ይፈትሉታል። ፈትሉ ያልጠነከረ እንደ ሆነ የእኔ ድካም ከንቱ ነው። ድሩን ለማድራት ጎረቤቴ ይረዳኛል፤ የእሱንም ቀን እኔ እረዳዋለሁ። ለጥለቱ የቀለሙን ክር ከነጋዴ እገዛለሁ። መወርወሪያዬን የጠረበልኝ አናጺ ነው። ታዲያ ይህ ጋቢ የእኔ ብቻ ነው እላለሁ?»

ይህ ንግግር ብዙ አስተማረን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ተረቱ ከማን ሥራ እንደ ተወሰደ አስበን አናውቅም ነበር።

ከዚያ ወጥተን እሳቸው ወደ መሩን ወደ አንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ ዘንድ ሄድን። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው፤ የአንድ ዕቁብም ማኅበርተኞች ናቸው። ሽማግሌው በትንሽ ቤት ውስጥ ወናፋቸውን፣ መስፋቸውን፣ መዶሻቸውንና ጉጠታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። በጥንቃቄ ከተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ አንድ የቆየ ማርትሬዛ አውጥተው አሳዩን። በላዩ የተጻፈው ዓመት በፈረንጅ አቈጣጠር 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያም ወዲያ ብዙ ዘመን በዚያው ዓመት ቍጥር እየተመታ ወደ አገራችን ይገባ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። ከወልደ ጊዮርጊስ ዘመን በኋላ የመጡት አንጥረኞች የአንገት መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አልቦውን፣ አምባሩንና ጉትቻውን የሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ገንዘብ እያቀለጡ ነው። ዛሬም ገንዘባችንን «ብር» ብለን የምንጠራው ከዚሁ የተነሣ ነው።

መስቀል እንዴት እንደሚሠራ ሽማግሌው አስረዱን። በመጀመሪያ መስቀሉ በሰም ይሠራል። ሰሙ በጭቃ ይሸፈናል። ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ይሞቃል፤ ሰሙም ቀልጦ በቀዳዳ ይወጣል። ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠው ብር ይፈሳል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ መስቀሉም ይወጣል። ከዚያ በኋላ በሞረድ ይስተካከላል፣ ይቀረጻል፣ ይወለወላል። ቅርጹ ስለሚሰበር በዚህ ዐይነት የተሠራ አንድ መስቀል ፈጽሞ ሁለተኛ አይኖረውም።

«ሙሽራ ስትዳር» አሉን ሽማግሌው፣ «ቀሚሷን ወዳጄ ሸማኔው ይሠራል፤ የአንገቷንና የእግሯን ጌጥ እኔ እሠራለሁ። ጥልፉን የሚጠልፍ ሌላ አለ። እሷን አይተው ሰዎች ‹እንዴት አምራለች!› ሲሉ እኛ ከሩቅ ቆመን አንዳችን የሌላችንን ሥራ እንመለከታለን። ከሌላው ሰው ምስጋና ይልቅ የሙያ ባልንጀራ ‹ጥሩ ነው› ያለው ይበልጣል።»

ወልደ ጊዮርጊስም በዘመኑ ጽዋውን በፈጸመ ቀን በመጀመሪያ ያሳየው ለባልንጀሮቹ ይሆናል ብለን አሰብን።

የንቀቱ ምንጭ

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህን የመሰለ ሙያ ለምን ተናቀ?

አንደኛው ምክንያት የመሬት ነገር ነው። በቀድሞው ሥርዓት የሰው ክብር የሚለካው በርስቱ ነበር። ርስት ያለው ያርሳል፤ ወይም ያሳርሳል። ርስት የሌለው ግን በእጁ ሥራ ለመኖር ይገደዳል። ቤተ እስራኤላውያን በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ከዐፄ ይስሐቅ ጋር በተደረገው ጦርነት ተሸንፈው ብዙዎቹ ርስታቸውን እንዳጡና ወደ እጅ ሥራ እንዳዘነበሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ያመለክታሉ። «ፈላሻ» የሚለውም ስም፣ ርስት አልባነትን የሚያመለክትና እነርሱ ራሳቸው የማይወዱት ስም ነው። እስላሞቹም እንዲሁ ርስት ስለማይፈቀድላቸው ንግድንና ሽመናን ያዙ። ስለዚህ ሙያው የተናቀው ሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የያዙት ሰዎች መሬት የሌላቸው ስለ ነበሩ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አጉል እምነት ነው። ብረትን በእሳት የሚያለሰልስ ሰው ተራ ሰው አይደለም ተብሎ ይፈራ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ «ቡዳ» ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ሕፃን በታመመ ጊዜ ጥፋቱ በቀጥቃጩ ላይ ይጣል ነበር። ሰዎቹ ማረሻ ለማሠራት ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ማታ ግን ልጃቸውን ከዐይኑ ይሰውራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ እውነትን መሸሸግ ይሆንብናል። ይህ ነገር ፈጽሞ ያለፈ አይደለም። እኛ ራሳችን ልጆች ሳለን ይህንኑ ወሬ ሰምተን አምነናል፤ አንዳንዶቻችንም ተናግረነዋል።

ንቀቱ ያስከፈለን ዋጋ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ባስዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንብረት ወደ መቅደላ ወሰዱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ ንጉሡ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ። ጦሩ የዘረፈውን ንብረት ለመሸከም 15 ዝሆኖችና 200 የሚያህሉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉት ተጽፏል። የወልደ ጊዮርጊስ ጽዋና የወርቁ ዘውድ፣ የሐሩም መጋረጃ ከአገር የወጡት በዚያን ጊዜ ነው። በዚያው ጊዜ ከተወሰደው ውስጥ የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ይገኝበታል፤ ነጭ የጥጥ ሸማ ሆኖ በሐር የተጠለፈ ነው። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ ከአንድ ወር በኋላ በመንገድ ሞቱ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር አረፈ፤ ቀሚሳቸው ግን እስከ ዛሬ በለንደን ሙዚየም አለ። በ2010 ዓ.ም. መቅደላ የተያዘበት 150ኛው ዓመት ሲታሰብ ሙዚየሙ ዘውዱንና ጽዋውን፣ ቀሚሱንና ጌጣጌጡን በአንድነት ለሕዝብ አሳይቶ ነበር።

እነዚህ ዕቃዎች ይመለሱልን ብለን መጠየቃችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ራሳችንንም አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ጽዋው በባዕድ አገር በመስተዋት ውስጥ ሆኖ የሠሪው ስም ከጎኑ ተጽፎለታል። እዚህ በአገሩ ግን የሠሪው የሙያ ልጅ የሆነ ሰው፣ የልጁ ስም እንዳይጠፋ ሥራው «ነጋዴ» ተብሎ ይጻፍለታል። ጽዋውን ጠላት ወሰደው፤ ስሙን ግን የወሰደው ማን ነው?

የዳግማዊ ምኒልክ ዐዋጅ

ይህን ነገር ከእኛ በፊት አስበው ሕግ ያወጡለት ንጉሥ ነበሩ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ፣ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው፣ ገበሬውና ነጋዴው ሁሉ በየሥራው ስም እየወጣለት ይሰደብ እንደ ነበር ዘርዝረዋል። ሥራ የማያውቀው ሰነፍ ብልሁን እየሰደበ አገሪቱን ባለሙያ አሳጣት፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ ነውና በሥራው የሚናቅ አይኑር ብለዋል። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰር ደነገጉ።

ዐዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዐዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አይለውጥም። ንጉሡ በሕግ የጀመሩትን ነገር መፈጸም ያለበት በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ነው።

ባልንጀሮቹ ዛሬ

ከጎንደር ወጣ ብላ በሰሜን በኩል የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች መንደር ነበረች። አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓጉዘዋል። በዚያም አገር እናቶች ሸክላቸውንና ጥልፋቸውን አልተዉም። በጎንደር ሰማይ ሥር የተማሩትን ሙያ በሌላ አገር ለልጅ ልጆቻቸው ያሳያሉ። እኛ የናቅነውን ሙያ ይዘው ሄዱ፤ እኛ ግን የሄዱትን ሰዎች ያህል ባለሙያ አጣን።

የጋሞ ሸማኔዎችም ከጨንቻ ደጋ፣ ከዶርዜ ተነሥተው በአዲስ አበባ በእንጦጦ ሥር በሽሮ ሜዳ ሰፍረው በየበዓሉ አገሩን ሁሉ ያለብሳሉ። በጎንደርም አዲስ ዓለም ላይ የመወርወሪያ ድምፅ ገና አልጠፋም። ዛሬ ግን ሌላ ፈተና መጥቷል፤ የጥለታችን መልክ በፋብሪካ በጨርቅ ላይ እየታተመ ከውጭ አገር ይገባል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የጓደኛችን አባት አንድ ጋቢ ሠርተው እስኪጨርሱ ድረስ ማሽኑ ስንት ጨርቅ እንደሚያወጣ ማሰብ አያስቸግርም። ሽማግሌው ብር ሠሪም ከልጆቻቸው አንዱም ሙያውን እንዳልያዘ ነግረውናል። «ተማሩ አልኳቸው፤ ተማሩ፤ ደግ አደረጉ። ግን ወናፉን ለማን ልተወው?» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ አላገኘንም። ሁላችንም ሸማኔና አንጥረኛ እንሁን ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን ሙያ የሚሞተው ገበያ ሲያጣ ብቻ ሳይሆን ክብር ሲያጣም እንደ ሆነ ከታሪኩ ተረድተናል። ልጅ አባቱን የሚያሳፍር መስሎ የታየውን ሥራ አይማርም።

መደምደሚያ

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችንና ለወላጆቻችን አንዲት ትንሽ ሐሳብ አቅርበን ጽሑፋችንን እንፈጽማለን። ለምሥረታው በዓል በሚዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ከየቤታችን ብዙ ዕቃ እናመጣለን፤ ጋቢ፣ ነጠላ፣ መስቀል፣ ድሪ፣ ሌማትና ጀበና ይቀርባል። እንደ ልማዱ በየዕቃው ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ነው። በዚህ ዓመት ግን ከባለቤቱ ስም በላይ የሠሪው ስም እንዲጻፍ እንለምናለን። ሠሪው ሩቅ ከሆነ ጠይቀን እንድረስበት፤ ከሞተም ልጆቹን እንጠይቅ። ይህ ወጪ የሌለበት ሥራ ነው። የፈታይዋም ስም አይረሳ፤ ያለ ፈትል ሸማ የለምና።

የክበባችንም መዝገብ ታርሟል። ማንም ሳያዝዘው ያ ጓደኛችን ራሱ መዝገቡን ጠይቆ «ነጋዴ» የሚለውን ሰርዞ «ሸማኔ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈው። ከዚያ አንድ ሌላ ልጅም መዝገቡን ተቀበለው፤ እሱም እንደዚሁ የሚያርመው ነገር ነበረው። እኛ ይህን አናውቅም ነበር።